ለቤት የዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ? ከስፖንጅ እስከ ካናስተር

ውሃው እንደ እንባ ጠርቷል። ከገንዳው ማዶ ግድግዳው ላይ ያለችው ሚስማር ሳትቀር በመስታወቱ ውስጥ ትታያለች። ዓሦቹ ግን ከላይ ተኮልኩለው፣ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ገጥመው ያለከልካሉ። ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ያየሁት በራሴ ገንዳ ነው፤ ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የኔው ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥቼ፣ ቡናማ ጭቃው አስጠልቶኝ፣ በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጥቤው ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የአኳሪየም ውሃ ግን ጥራቱ በዓይን አይታወቅም፤ ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ ቀለም የለውም። ስለዚህ ማጣሪያ ልትገዙ ስትነሱ «የትኛው ውሃውን ያጠራልኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ያጠራሉ። የሚለያዩት በሌላ ነው። የትኛው ለባክቴሪያ ሰፊ ማደሪያ ይሆናል? የትኛው ለዓሦቼ የሚስማማ ፍሰት አለው? የትኛውንስ ደክሞኝ በገባሁበት ቀን ሳልማረር ከፍቼ አጥበዋለሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ግን ከሦስቱ እሱን አስቀድማለሁ።

ማጣሪያው ውስጥ ምን ይሠራል?

ማጣሪያ ሦስት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው የዓሣ ኩስ፣ የተረፈ መኖ፣ የበሰበሰ ቅጠልና የመሳሰለውን ቆሻሻ መያዝ ነው። ይህ የሚታየው ሥራ ነው። ሁለተኛው አሞኒያን ማስወገድ ነው። ዓሦች አሞኒያን የሚያስወጡት በአብዛኛው በስንጥባቸው ነው፤ መኖም ሲበሰብስ ይጨምረዋል። በስፖንጅና በሴራሚክ (ቀዳዳ በበዛበት የሸክላ ቁራጭ) ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ግን በጣም ካልበዛ ዓሦች ይችሉታል። ሦስተኛው ሥራ በከሰል ወይም በሌላ ነገር ቀለምን፣ ሽታንና መድኃኒትን ከውሃው መምጠጥ ነው፤ ይህ በየቀኑ የሚያስፈልግ አይደለም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ ይመስላቸዋል ብዙዎች። የሚኖሩት ግን ጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቀው፣ በሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ለረጅም ዘመን ሥራውን ሁለት ወገኖች ተካፍለው ነው የሚሠሩት፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል ይባል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ከናይትሮስፒራ ወገን የሆኑ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን መንገድ ብቻቸውን እንደሚጨርሱ ታወቀ። ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱም የዓሣ እርባታ ውሃ የሚያጣራ ማጣሪያ ነበር። እኔ ያን ቀን በቧንቧ ውሃ ያጠብኩት እነሱን ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነውና ሥራውን ሠራ።

አሞኒያ ደግሞ በሁሉም ውሃ ውስጥ እኩል አይጎዳም። ፒኤቹ (የውሃው አሲዳማነት ወይም አልካላይነት ልክ) 7 በሆነ፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ በመርዛማ መልኩ የሚገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ አምስት ያህል ይደርሳል። አስር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የቧንቧችሁ ውሃ ፒኤች ከፍ ያለ ከሆነ ደካማ ማጣሪያ ይዞ «እስካሁን ምንም አልሆነም» ማለት አያዋጣም።

ገንዳውንና ፓምፑን መለካት

ማንኛውንም ማጣሪያ ከማየታችሁ በፊት ገንዳችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ እወቁ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1000 ማካፈል ነው። 60 በ30 በ35 የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል። አሸዋውና ድንጋዩ ሲገባ ትክክለኛው ውሃ ከዚያ ያንሳል።

የተለመደው ልክ፣ ማጣሪያው የገንዳውን ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያህል ያዙረው የሚለው ነው። ለዚህ 63 ሊትር ገንዳ በሰዓት ከ250 እስከ 380 ሊትር ማለት ነው። ልኩ ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ባዶውን፣ ስፖንጅም ሴራሚክም ሳይገባበት፣ ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ነው። ዕቃው ከገባበት፣ ቱቦው ከረዘመ፣ ወሩ ከተቆጠረና ስፖንጁ ከቆሸሸ በኋላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ግማሽ ይሆናል።

እውነተኛውን ለማወቅ የአንድ ሊትር ጠርሙስና ሰዓት ይበቃሉ። ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ አስገቡና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። በ12 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 300 ሊትር ነው። ይህን ማጣሪያው አዲስ ሳለ ለክታችሁ አንድ ቦታ ጻፉት። ከሁለት ወር በኋላ ጠርሙሱ 20 ሰከንድ ከወሰደ የማጠቢያው ቀን መድረሱን በዓይናችሁ ሳይሆን በቁጥር አወቃችሁ።

ስፖንጅ ማጣሪያ

ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚናቀው እሱ ነው። አንድ ቱቦ፣ አንድ ስፖንጅ፣ ከውጭ ደግሞ አንድ የአየር ፓምፕ። አየሩ በቱቦው ውስጥ አረፋ ሆኖ ሲወጣ ውሃውን አብሮ ይጎትታል፤ የተጎተተውን ለመተካት አዲስ ውሃ በስፖንጁ ቀዳዳዎች ይገባል። ውሃው ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር የለም፤ ስለዚህ የሚጣበቅ፣ የሚሰበር ነገር የለም። አረፋው የውሃውን ገጽ ስለሚያናውጠው ኦክስጅንም ይጨምራል። ይህ በሞቃት ውሃ ውስጥ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል።

ለጫጩት ዓሦች፣ ለሽሪምፕና ቤታ ለሚባለው ባለ ረጅም ክንፍ ዓሣ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ሊመጥጣቸው አይችልም፤ አያንገላታቸውም። ሽሪምፖች እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ስፖንጁ ላይ ተቀምጠው የተጣበቀውን ሲለቅሙ ይውላሉ። ጉድለቱ ቆሻሻ በመያዝ ደካማ መሆኑ ነው፤ ኦስካር ወይም ጎልድፊሽ የሚያፈራውን ኩስ ስፖንጅ ብቻውን አይችለውም። ፓምፑም ያጉረመርማል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉለት። መልኩም አያምርም፤ ከቅጠል ወይም ከእንጨት ጀርባ ይደበቃል።

አንድ ነገር አትርሱ። የአየር ፓምፑ ከውሃው ገጽ በታች የሚቀመጥ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቀጭኑ የአየር ቱቦ ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ሊገባ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ሊፈስ ይችላል። ቱቦው መሃል ላይ የምትገባ፣ አየር ወደ ፊት አሳልፋ ውሃ ወደ ኋላ የማታስመልስ ትንሽ ቫልቭ አለች። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። አቅጣጫዋን ግን ከመግጠማችሁ በፊት በአፋችሁ ነፍታችሁ አረጋግጡ፤ ተገልብጣ ከገባች አረፋ የሚባል አይወጣም።

ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ማጣሪያ

ሞተሩም ስፖንጁም ባንድ ቤት ውስጥ ሆነው በመምጠጫ ጎማ ከመስታወቱ ጋር የሚጣበቁት ናቸው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆኑ ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም ወደ ውጭ አያፈሱም። ከስፖንጅ ማጣሪያ የበለጠ ጉልበት አላቸው፤ ውሃው ዝቅ ባለበት ገንዳም፣ ለምሳሌ ለኤሊ፣ ይሠራሉ።

ቦታ ይይዛሉ። ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀትም ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ትንሽ ገንዳ ላይ ዲግሪው ከፍ ሊል ይችላል። ትልቁ ብስጭት ግን ሲወጡ ነው። ስፖንጁን ከውሃው ልታወጡት ስትስቡት የያዘው ቆሻሻ ሁሉ ቡን ብሎ ገንዳው ውስጥ ይበተናል፤ ያጸዳችሁት ሳይሆን ያደፈረሳችሁት ይመስላል። ዘዴው መጀመሪያ መሰኪያውን ነቅሎ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ውሃው ውስጥ አስገብቶ፣ ማጣሪያውን እዚያው ከነውሃው ከትቶ ማውጣት ነው። የሚያስቀይመኝ ሌላው ነገር የብዙዎቹ ስፖንጅ ትንሽነት ነው። በየሳምንቱ ገደማ ይታፈናል፤ ቶሎ ቶሎ በታጠበ ቁጥር ባክቴሪያውም ይቀንሳል።

ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ማጣሪያ

ከገንዳው ጠርዝ ላይ ይሰቀላል፤ ውሃውን በቱቦ ስቦ በሳጥኑ ውስጥ ያሳልፍና እንደ ትንሽ ፏፏቴ መልሶ ያፈሰዋል። ከ40 እስከ 120 ሊትር ላለው ገንዳ፣ ለጀማሪ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ክዳኑን ብድግ አድርጎ ውስጡን ለማየት አንድ እጅ ይበቃል። የሚታይ ነገር ይታጠባል።

ግን ወጥመድ አለው፤ ወጥመዱም ካርትሪጅ ይባላል። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሰል የተሞላ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠፍጣፋ ካርትሪጅ ይዘው ነው። መመሪያውም «በየወሩ አውጥታችሁ ጣሉ፣ አዲስ ግዙ» ይላል። በወር ውስጥ እዚያ ጨርቅ ላይ የሰፈረውን ባክቴሪያ አብራችሁ ጣላችሁ ማለት ነው፤ አዲሱ ባዶ ነው፤ ዓሦቹ ደግሞ አሞኒያ ማውጣታቸውን ለአንድ ሰዓትም አያቆሙም። ሻጩ ካርትሪጅ ይሸጣል፣ እናንተ ዓሣ ትቀብራላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሳጥኑ ልክ ሸካራ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ክተቱ፤ ቦታ ከተረፈ ሴራሚክ ቀለበት በወንፊት ከረጢት አድርጋችሁ ጨምሩ። ስፖንጁ ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ስትገዙ ሞተሩን ሳይሆን ሳጥኑን ተመልከቱ፤ ሳጥኑ ጠባብ ሆኖ ካርትሪጅ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ተዉት።

የውሃው ወለል በትነት ሲወርድ ፏፏቴው ይጮኻል፤ በጣም ከወረደ ደግሞ ቱቦው አየር ይስብና ይቆማል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዶቹ በራሳቸው አይነሱም፤ ውሃ እስኪጨመርባቸው ደርቀው ይጮኻሉ። ሞተሩ ከታች፣ ውሃው ውስጥ የሆነው ዓይነት በራሱ ይነሳል። የሽሪምፕ ወይም የጫጩት ገንዳ ከሆነ የመምጠጫው አፍ ላይ ስፖንጅ ማልበስ ግዴታ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመራችሁ ተክል የምታሳድጉ ከሆነ ደግሞ ፏፏቴው ጋዙን ያባክንባችኋል።

ካናስተር

ገንዳው ሥር ባለው ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በሁለት ቱቦ የሚገናኝ የታሸገ ባልዲ ነው። አንዱ ቱቦ ውሃ ያወርዳል፣ ሌላው ፓምፑ ሲገፋው ይመልሳል። ለባክቴሪያ የሚሆነው ቦታ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ውሃው በሸካራው ስፖንጅ፣ በደቃቁ፣ በሴራሚኩ በተራ ለማለፍ ይገደዳል። ፍሰቱንም እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ፤ ብዙ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ርዝመቱን ሙሉ ብትበትኑት ገር ይሆናል፣ በአንድ አፍ ብታወጡት ኃይለኛ ይሆናል። ገንዳው ውስጥ የሚታየው ሁለት ቱቦ ብቻ ነው። ከ150 ሊትር በላይ ለሆነ፣ ወይም ኩስ የሚያበዙ ዓሦች ላሉበት ገንዳ ሌላውን ማሰብ አያስፈልግም እላለሁ።

ነገር ግን ካናስተር ከዓይን የራቀ ነው፤ ከዓይን የራቀ ደግሞ ይረሳል። ውሃው እንደጠራ ይቆያል፤ ከሥር ባልዲው ውስጥ የስድስት ወር ኩስ እየበሰበሰ ናይትሬት ሲያመርት ማንም አያየውም። ካናስተር ያለው ሰው «እኔ በዓመት አንዴ ነው የምከፍተው» ብሎ ሲኩራራ ስሰማ ዓሦቹን አዝንላቸዋለሁ። በየሁለት፣ ግፋ ቢል በየሦስት ወሩ መከፈት አለበት።

አከፋፈቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ የብዙ ሰው ምንጣፍ የሚርሰው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መሰኪያው ይነቀላል። ቀጥሎ በሁለቱም ቱቦ ላይ ያሉት ቧንቧዎች ይዘጋሉ፤ አንዱን ረስታችሁ መያዣውን ብታላቅቁት የገንዳው ውሃ በራሱ ክብደት ወለሉ ላይ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ ባልዲውን ወደ ማጠቢያ ቦታ ወስዶ መቆለፊያዎቹን መክፈት። ክዳኑ ዙሪያ ያለችው የጎማ ቀለበት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም ፀጉር ሥሯ ከገባ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሌሊቱን ያድራል። ጠርጋችሁ፣ ሲሊኮን ቅባት በጣታችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ መልሷት። ቫዝሊን አትቀቡ፤ ጎማውን ሊያበላሸው ይችላል። ከዘጋችሁ በኋላ ለሰዓት ያህል ደረቅ ወረቀት ሥሩ አንጥፉና ተመልከቱ። ጠብታ ካለ ወረቀቱ ይናገራል።

ካናስተር የሚያስፈራኝ በመብራት መጥፋት ጊዜ ነው። የታሸገ ስለሆነ ፍሰቱ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሱታል፤ ከዚያ መሞት፣ መበስበስ ይጀምራሉ። መብራቱ ለግማሽ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ያ የገማ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሦቹ ይገፋል። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ከጥቂት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ካናስተሩ ከመነሳቱ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍታችሁ ስፖንጁን በገንዳ ውሃ አለቅልቁት። መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ከካናስተሩ ጎን በባትሪ በሚሠራ የአየር ፓምፕ የሚነዳ አንድ ስፖንጅ አኑሩ።

ሁለቱ የቀሩት

ከጠጠሩ ሥር በሚነጠፍ ሳህን የሚሠራው ማጣሪያ የድሮ ነው። ጠጠሩ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል፤ ሐሳቡ ብልህ ነው። ቆሻሻው ግን ከሳህኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ለማጽዳት ገንዳውን ማፍረስ ይጠይቃል። አሸዋ ለሚወዱ እንደ ኮሪዶራስ ላሉ ዓሦች፣ መሬት ለሚቆፍሩትም፣ ሥር ለሚሰዱ ተክሎችም አይሆንም።

ሌላው፣ ውሃውን ሥር ወዳለ ሁለተኛ ገንዳ እያወረደ በፓምፕ የሚመልሰው ሰምፕ ነው። ለ300 ሊትርና ከዚያ በላይ ግሩም ነው፤ ማሞቂያውንም ሌላውንም ኮተት ይደብቃል፤ የውሃውን መጠንም ያበዛል። ግን መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ታችኛው ገንዳ ሳይሞላ መቀበል መቻሉን ገና ስትጀምሩ ፓምፑን ነቅላችሁ ካልፈተሻችሁት ፈተናው ቤት ውስጥ ባልነበራችሁበት ቀን ይመጣል።

ውስጡ ምን ይግባ?

ሻጮች «ይህ ድንጋይ በአንድ ሊትር ይህን ያህል ካሬ ሜትር ስፋት አለው» እያሉ ቁጥር ይደረድራሉ። ስፋቱ ያለው በጣም ደቃቅ በሆኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። እነዚህ ደግሞ በወራት ውስጥ በቆሻሻና በባክቴሪያው ሽፋን ይደፈናሉ፤ ኦክስጅንም ጥልቅ ድረስ አይዘልቅላቸውም። ሸካራ ስፖንጅ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ሳሙናም ብረትም የሌለበት የፕላስቲክ ዕቃ ማጠቢያ እንኳ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ፦ ውሃው መጀመሪያ ሸካራውን፣ ቀጥሎ ደቃቁን፣ ከዚያ ሴራሚኩን ያግኝ።

ከሰል መድኃኒት ሰጥታችሁ ስትጨርሱ፣ ወይም እንጨት ውሃውን ቡናማ ሲያደርገው ያገለግላል። በሳምንታት ውስጥ ይጠግባል፤ ከዚያ ተራ ድንጋይ ነው። መድኃኒት እየሰጣችሁ ሳለ ግን አውጡት፤ መድኃኒቱን ይጠጣባችኋል። ዜኦላይት የሚባለው ባለ ደቃቅ ቀዳዳ ማዕድን አሞኒያ ይመጥጣል፤ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ይታደሳል። ያው ጠባዩ ነው ታዲያ አደጋው፦ እሱ ማጣሪያው ውስጥ እያለ ገንዳው ላይ ጨው ከጨመራችሁ የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቀዋል።

ለማን የትኛው?

ቤታ በ20 ሊትር፦ ስፖንጅ፣ አየሩም በመቆጣጠሪያ ቀነስ ብሎ። ረጅም ክንፍ ይዞ ከፍሰት ጋር መታገል ያደክመዋል፤ ጥግ ይዞ ከተኛ ፍሰቱ በዝቶበታል።

ጉፒ እየወለደ ላስቸገረው፦ ስፖንጅ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። አንዱን በዚህ ወር፣ ሌላውን በሚቀጥለው ወር ታጥባላችሁ።

ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ በ80 ሊትር፦ ተንጠልጣዩ፣ በስፖንጅ የተሞላ።

ጎልድፊሽ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የበላው በአንጀቱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ቀኑን ሙሉ ያወጣል። በብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ ማጣሪያ ማኖር ቀስ ብሎ መግደል ነው። ለእሱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው መጠን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ካናስተር፣ ወይም ሁለት ተንጠልጣይ ውሰዱ። ክንፉ ረጅም፣ ሆዱ ክብ የሆነው ዓይነት ከሆነ ፍሰቱን በትኑለት፤ ዋናተኛ አይደለም። ኦስካርም እንደዚሁ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ሲበላ ግማሹን የሚተፋ ዓሣ ነው። ካናስተር ወይም ሰምፕ እንጂ ሌላ አይችለውም።

ተክል ጥቅጥቅ ብሎ ያደገበት ገንዳ የተለየ ነው። ተክሎቹ ራሳቸው አሞኒያ ይበላሉ፤ ማጣሪያው እዚያ ይበልጥ የሚጠቅመው ውሃውን በማንቀሳቀስ ነው። የውሃውን ገጽ ብዙ የማይረብሽ ካናስተር ይስማማዋል።

የመብራት ፍጆታን በተመለከተ፣ ማጣሪያ ሌት ተቀን የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ማታ አይጠፋም። 4 ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ በዓመት 35 ኪሎዋት ሰዓት፣ 20 ዋት የሚበላ ካናስተር 175 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የማንኛውም ማጣሪያ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይቀለበስ፤ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ከቅልባሹ ላይ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከገዛችሁም በኋላ

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ማጣሪያውን ራሳችሁ ክፈቱት፣ ራሳችሁ ዝጉት። ሻጩ በሁለት እጁ እየታገለ የሚከፍተውን እናንተ እርጥብ እጅ ይዛችሁ አትከፍቱትም። ቀጥሎ መለዋወጫ ጠይቁ፦ የምትሽከረከረዋ ባለ ማግኔት ክንፍ ለብቻዋ ትሸጣለች? የጎማ ቀለበቷስ? ማጣሪያ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ሞተሩ አይደለም። ወይ ክንፏ አሸዋ ገብቶባት ተፍቃ ታልቃለች፣ ወይ ትንሽ ቀንድ አውጣ ገብታ ታንቃታለች። በየማጠቢያው ቀን እሷን አውጥቶ ጉድጓዷን በጥርስ ብሩሽ መጥረግ ዕድሜዋን ያራዝማል። ማጣሪያው ድንገት መንገጫገጭ ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው እሷ ናት።

ማጠቢያው እንዲህ ነው። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ያወጣችሁትን የገንዳ ውሃ በባልዲ አስቀሩ። ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ባልዲው ይጠቁራል፤ ስፖንጁ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል፤ መቅረትም አለበት። ውሃ ሲያሳልፍ በቃው። ሴራሚኩንና ስፖንጁን ባንድ ቀን አትጠቡ። ማጣሪያ ቢኖርም ውሃ መቀየር አይቀርም፤ ናይትሬትን ማጣሪያው አውጥቶ አይጥልምና በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን መቀየር ያስፈልጋል። የምትጨምሩት የቧንቧ ውሃ ክሎሪን በሚያመክን ፈሳሽ ይታከም። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ከሆነ በባልዲ አሳድሮ ማስወጣት አይቻልም።

አዲስ ማጣሪያ በተሰካ ዕለት ባዶ ቤት ነው። ባክቴሪያው እስኪሰፍርበት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ዓሣ ቀድሞ የሚያስገባ ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆንበታል። የሚያፋጥነው አንድ ነገር ነው፦ ከጤነኛ ገንዳ፣ ከወዳጅም ቢሆን፣ ያገለገለ የቆሸሸ ስፖንጅ ለምኖ አዲሱ ውስጥ መክተት፤ ሳይደርቅ፣ በገንዳ ውሃ ውስጥ እንዳለ። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የምትሸጋገሩ ከሆነም አሮጌውን አትንቀሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ለአንድ ወር ይሥሩ፤ አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያው ዜሮ ሆነው ሳሉ አሮጌውን አንድ ቀን ነቅላችሁ፣ ስፖንጁን ግን ውሃው ውስጥ ትታችሁ፣ በማግስቱ እንደገና ለኩ። ዜሮው ካልተነቃነቀ አሮጌው ወደ መጋዘን ሊሄድ ይችላል። እኔስ አልሸጠውም፤ ለታመመ ዓሣ መለያ ገንዳ ይሆነኛል።